መነኩሴው የሳቀ ቀን

መነኩሴ አይደለሁም፤ አብራሪ ነኝ። ስሜ ሀብታሙ ነው። «መነኩሴው» የሚለውን ቅጽል ያወጡልኝ ጋሽ ግርማ ናቸው፣ ምክንያቱም አልስቅም። አኩርፌ ወይም ሰው ጠልቼ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። የድካሙን ልክ ያወቅሁት ግን በዚህ በምነግራችሁ ቀን ነው።

አብራሪ ስል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሰው አይታያችሁ። የእኛ አውሮፕላኖች ሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ፣ ከአብራሪው በቀር ሌላ ሰው የማይይዙ፣ ከሩቅ ሲታዩ ፌንጣ የሚመስሉ ትንንሾች ናቸው። አሮጌዎች ነበሩ። እያንዳንዳችን ለብቻችን ተቀምጠን፣ ከዛፍ ጫፍ ዝቅ ብለን፣ እርሻውን ስንመላለስበት እንውላለን። ሰው የምናገኘው በሬዲዮ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሦስት ነበርን። ጋሽ ግርማ ጡረታ አፋፍ ላይ የደረሱ፣ ሆዳቸው ከመሪው ጋር የሚጋፋ፣ አንደበታቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ቢኒያም ከሁላችንም ወጣት ነው፤ ጋሽ ግርማ የወረወሩትን ቀልድ ሁሉ እየቀለበ ይመልሳል። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ በዕድሜም በሰልፍም። ሁለቱ በእኔ ላይ አሳልፈው ሲቀላለዱ እሰማለሁ። አንዳንዴ እንዲያውም የሬዲዮውን ድምፅ እቀንሰዋለሁ።

ወቅቱን ሙሉ በበለስ ወንዝ ቆላ ጥጥ ስንረጭ ነበር የቆየነው። ሙቀቱ እንቅልፍ አያስተኛም። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን ነፋስ እስኪነሳ እንረጫለን፤ ቀን ላይ በቆርቆሮ መጋዘን ጥላ ሥር እንጋደማለን፤ አመሻሽ ላይ እንደገና እንነሳለን። መጨረሻ ላይ ምግብ ሳላላምጥ መዋጥ ጀምሬ ነበር። ቤታችን ወዳለበት ደብረ ዘይት ስገባ ሥራውን ልለቅ ወስኜ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገሩ ራሱ አድካሚ ሆኖብኝ።

ኅዳር ላይ ሥራው አለቀና አንድ ማለዳ ሦስታችን ተከታትለን ወደ ቤት ተነሳን። ቢኒያም ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ጋሽ ግርማ ከኋላዬ። ከበለስ ተነስተን፣ የአዊን ተራሮች ተሻግረን፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል አድርገን፣ ዓባይን አልፈን ነው የምንሄደው።

ጋሽ ግርማ ረጅም መንገድ ሲሆን እንቆቅልሽ ያጫውቱናል። ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ከሥራችን ከሚታዩት ከተሞች ነው። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በዚህ ዓይነት ቢኒያም ጎጃምን ግማሽ አስረክቧል።

«እንቆቅልሽ!» ይላሉ።

«ምን አውቅልህ!» ይላል ቢኒያም። ለጨዋታው ሲል አንቱታውን ይተዋል።

እኔ ግን «ምን አውቅልዎ» ነው የምለው።

በዚህ ይበግናሉ። «አንተ መነኩሴ፣ በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም! ንጉሥም ቢሆን ምን አውቅልህ ነው የሚባል። አንተ በለኝ፣ አልቆጣህም።»

«እሺ፣ ምን አውቅልዎ» እላለሁ። አፌ እምቢ ይለኛል። የዕድሜ ባለጸጋን አንተ ማለት በቤታችን አልለመድንም።

ተራራውን ለመሻገር ከፍ ስንል ብርዱ መጣ። ለቆላው ብዬ የለበስኩት ስስ ሸሚዝ ነው፤ ጣቶቼ መሪው ላይ ደነዘዙ። ከእግሬ አጠገብ የማሞቂያው እጀታ አለ። ወቅቱን ሙሉ ማንም አልነካውም፤ በለስ ላይ ማን ማሞቂያ ይፈልጋል? ሳብኩት። ከሞተሩ በኩል ለብ ያለ አየር ወደ እግሬ ይመጣ ጀመር። ደስ አለኝ።

እንጅባራን አልፈን ወደ ቡሬ ስንቃረብ ራሴን እንደ ጠባብ ባርኔጣ ጨመቀኝ። ድካም ነው አልኩ። ዓይኔ ላይ የመሣሪያዎቹ ቁጥር ይንሳፈፍ ጀመር። ይህም ድካም ነው አልኩ። ለወራት የሆንኩትን ሁሉ ድካም ስለው ስለከረምኩ ሌላ ነገር ትዝ አላለኝም። ደግሞም ምቾት ነበረው። ታች ያለው የእህል ማሳ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ፣ ልክ እንደተነጠፈልኝ አልጋ ነበር የሚታየኝ።

«እንቆቅልሽ!» አሉ ጋሽ ግርማ። «መነኩሴው ይመልስ።»

«ምን አውቅልህ» አልኩ።

ከዚያ ቢኒያም «ኧረ ተመስገን! ዛሬስ ቆቡን ጣለ!» አለ።

ጋሽ ግርማ ግን ወደ ጥያቄያቸው ሄዱ። «ሲበላ ይጮሃል፣ ሲራብ ዝም ይላል። ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ያሰብኩ መሰለኝ እንጂ ማሳውን ነበር የማየው። «አላውቅም» አልኩ።

«አገር ስጠኛ!»

«ቡሬን ሰጠሁህ።»

«ቡሬ ገብቼ ምን አጥቼ! በርበሬው በጆንያ፣ ማሩ በገንቦ! መነኩሴው ምን ገዶት፣ ከሽሮ በቀር ቀምሶ አያውቅ! መልሱ ሞተራችን ነው። ሲራብ ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ካለ ደግሞ እኛም ዝም ነን።» ቀጥለው ሌላ ጠየቁኝ፤ ምን እንደነበር አላስታውስም። አላውቅም አልኩ፤ አገር ጠየቁኝ።

«ቡሬን ውሰድ።»

«ቡሬንማ አሁን ሰጠኸኝ።»

«እንግዲያው… ቡሬን ውሰድ» አልኩና ሳቅሁ።

ቀልድ የለም እኮ፤ ግን ሳቅሁ። ሳቁ አላቆም አለኝ። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የራሴን ድምፅ እየሰማሁ፣ ይህ የሚስቀው ሰው ማነው እያልኩ ነበር።

ቢኒያምም አብሮኝ ሳቀ። ጋሽ ግርማ አልሳቁም።

«ሀብታሙ» አሉ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። «ማሞቂያህን ከፍተሃል?»

«አዎ። ደስ ይላል።»

«ዝጋው።»

«ይበርዳል ጋሼ።»

«ዝጋው አልኩህ! መስኮትህንም ክፈት። አሁን፣ እየሰማሁህ ክፈት!»

ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርዙ ሽታ የለውም፤ አያሳስልም፤ ያስተኛል። የአውሮፕላኔ ጭስ ማውጫ ማርሚታ ተሰንጥቆ የሞተሩ ጭስ ከማሞቂያው አየር ጋር ወደ እኔ ይገባ ነበር። ያን ሰዓት ግን ይህን አላወቅሁም። ጋሽ ግርማ የተቆጡኝ አንተ ስላልኳቸው መስሎኝ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለቴን ነግረውኛል። እጀታውን ለመግፋት እጄን ስዘረጋ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንደምንም ገፋሁት። መስኮቱን ስከፍት የኅዳር ብርድ ፊቴን በጥፊ መታኝ፤ ወዲያው ጭኔ ላይ አስመለስኩ።

«ባሕር ዳር ይግባ» አለ ቢኒያም። አሁን ድምፁ ተለውጧል።

«አይደርስም» አሉ ጋሽ ግርማ። «እዚሁ ነው የምናወርደው። አንተ ወደ ባሕር ዳር ታጠፍ፤ ቦታውን ንገራቸው። ሀብታሙ፣ ወደ ግራህ እየኝ።»

ዞር ስል ክንፋቸው ከክንፌ አጠገብ ነበር። እንዲህ ተጠግተው አያውቁም። በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸው ይታያል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት በስተቀኝ፣ ከባሕር ዛፍ ተክል ወዲያ፣ የከብት ግጦሽ መስክ ዓይተዋል። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ግን ከብት ሞልቶበታል።

«አታስብ» አሉኝ። «ማሰቡን ለእኔ ተውልኝ። እኔ ዝቅ ስል ዝቅ በል። እኔ ስዞር ዙር። የምትሠራው እሱን ብቻ ነው።»

እሱን ብቻ ሠራሁ። ዓይኔ ሲከደን «ክንፌ የታል?» ይላሉ። «አለ» እላለሁ። «ቀለሙ ምንድን ነው?» «ቢጫ።» «ውሸታም፣ ቀለም ከተቀባ ስንት ዘመኑ!» አሁን ሳስበው እየቀለዱ ነበር። ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መልስ ካዘገየሁ ስሜን ይጮኻሉ።

መስኩ ጋ ስንደርስ ቀድመውኝ ወረዱና ከሣሩ ከፍ ብለው እየጮሁ አለፉ። ከብቱ ተበተነ፤ ላሙም በሬውም ጅራቱን ሰቅሎ ወደ ባሕር ዛፉ ሸሸ። እሳቸው ሽቅብ ሲወጡ መስኩ ለእኔ ባዶ ሆነ።

«በል፣ ውረድ ልጄ። በቀስታ።»

መሬቱን ከጠበቅሁት በፊት አገኘሁት። አውሮፕላኑ ነጠረ፣ እንደገና ወደቀ፣ ወደ ጎን ተንጋደደ፣ ተመለሰ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩ። ቆመ። መቆሙን ሳይ ያለቀ መሰለኝና ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ጣል አደረግሁ። እንቅልፉ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይወስደኝ ነበር። ጣፋጭ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሂድለት ፈልጌ ነበር።

«ሀብታሙ፣ ሞተሩን አጥፋ!»

ሰማኋቸው፤ ግን ከሩቅ ነው።

«ሰው እየመጣ ነው! ፕሮፔለሩ ይፈጃቸዋል! አጥፋው!»

ያኔ በዚያ አገር የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ወደ ውጭ ነበር የሚሮጠው። ዛሬ እንደዚያ መሆኑን እንጃ። ዓይኔን ስገልጥ ከየቤቱ፣ ከየአውድማው ሰው እየጎረፈ ነው፤ ነጠላዋን ይዛ የምትሮጥ ሴት፣ መንሽ እጁ ላይ የቀረ ጎልማሳ። ከፊታቸው የሚሽከረከረው ነገር ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም፤ አየር ብቻ ነው የሚመስለው። በቀጥታ ወደ እሱ ነው የሚመጡት።

ለራሴ ብሎ እጄ አልተነሳም ነበር። ለእነሱ ተነሳ። ነዳጅ የሚዘጋውን ቀዩን እጀታ ዳበስኩ፤ ጠፋኝ፤ እንደገና ዳበስኩ፣ ያዝኩት፣ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ሞተሩ ነዳጅ ተነፍጎት ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ፕሮፔለሩ ሲቆም መንሽ የያዘው ሰውዬ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት ላይ ነበር።

ከዚያ ያለው በቁርጥራጭ ነው የሚታወሰኝ። በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ፣ አያ ተገኘ ይባላሉ፣ አንገታቸውን አስገብተው አዩኝ።

«ኧረግ! ልጅ እግር እኮ ነው!» አሉ። «ያዙት እስቲ፣ ቀስ፣ ቀስ!»

አውጥተው ጋቢያቸውን ሣሩ ላይ አንጥፈው አስተኙኝ። ሰዉ ሁሉ እኔን ከቦ ስለነበር የመስኩ ሌላው ጫፍ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ጋሽ ግርማ እዚያ አረፉ። ማረፍ አልነበረባቸውም። አንድ አውሮፕላን የወደቀበት መስክ ላይ ሁለተኛ አይጨመርም፤ ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው። ያን ከባድ ሰውነታቸውን ይዘው፣ ጉድባው እያደናቀፋቸው፣ መስኩን ሙሉ ሮጠው መጡ። ሴቶቹ ሩጫቸውን አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ።

አጠገቤ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ትንፋሽ አጥሯቸው እጄን ያዙ። ከዚያ «ቡሬን ሁለቴ ሰጠኸኝ» አሉ። «ልረከብ ነው የመጣሁት።» እንባቸው አፍንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር።

አያ ተገኘ ከላይ ቆመው ሁለታችንንም ሲያዩ ቆዩና «ዛዲያ ከየት ተነስታችሁ ወዴት ነው?» አሉ።

«ከቆላ ነን አባቴ» አሉ ጋሽ ግርማ። «እኔ ወደ ደብረ ዘይት፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ወደ ሰማይ ቤት ነበር። መንገድ ተለያየን ብዬ ነው ያወረድኩት።»

«በጎ አደረጉ» አሉ አያ ተገኘ፣ ፈገግ ሳይሉ። «የእኔን ላም ግን ያስበረገጓት እርስዎ ነዎት። ዛሬ የምታጠባም አይመስለኝ።»

«እርሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምጣና እግሯ ላይ ልውደቅ።»

«እሷ አሁን እርስዎ ያሉበት አትመጣም» አሉ ሽማግሌው። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ግርማም ሳቁ፤ እየሳቁ ግን እጃቸው የእኔን እጅ አንቆ ይዞ ነበር።

ባጃጅ ተጠርታ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱኝ። አውሮፕላኖቹን እንጠብቃለን ያሉት እነ አያ ተገኘ ናቸው። ነርሷ ኦክስጅኑን አፌ ላይ እያደረገች «ከሰል አንድዶ ነው የተኛው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ፣ አየር ላይ» አሉ ጋሽ ግርማ። ልጅቷ ትሳቅ ትቆጣ ግራ ገባት።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ጠራ፤ የቀረኝ የሚፈልጥ ሕመም ብቻ ነበር። ጋሽ ግርማ ከአልጋዬ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እንዲህ አርጅተው አይቻቸው አላውቅም።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ሳቅህ» አሉ። «አንተ ስቀህ አታውቅም። ቀልዱም ደግሞ የሚያስቅ አልነበረም፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው። መጀመሪያ አንተ ስትለኝ ደንገጥ አልኩ። ሳቁ ሲመጣ ይሄ የእኔ መነኩሴ አይደለም አልኩ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ትልቅ ነገር እንዲነግሩኝ ፈለግሁ። «ሁልጊዜ የሚቀልዱት ለዚህ ነው? እኛን ለመጠበቅ?» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «ልዋሽህ እችል ነበር፣ ደክሞኛል። የማወራው ለራሴ ነው። ዝም ካልኩ ይወስደኛል። እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ዘመኔ መሰለህ? ቀልዶቼም አልቀዋል። ያንኑ ነው የምደጋግመው። አንተ ባትስቅም መልስ ስለምትሰጠኝ ነው እስከ ዛሬ የነቃሁት። ቢኒያምማ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰጠኝ፤ በሳቅ ሰው አይነቃም። አንተ ግን ስድስት ቃልም ቢሆን ትናገራለህ።»

እኔ የሬዲዮውን ድምፅ የምቀንስባቸው ሰዓቶች ትዝ አሉኝ። ለእሳቸው አልተናገርኩም። ደግሞስ መቼ ይሰሙኛል? አንገታቸው ወደ ደረታቸው አዘንብሎ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነርሷ መጥታ ልትቀሰቅሳቸው ስትል እጄን አነሳሁና ከለከልኳት። እስኪመሽ አየኋቸው።

በማግሥቱ ቢኒያም መካኒክ ይዞ በመኪና ከባሕር ዳር መጣ። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው «መነኩሴ ሆይ፣ ሰይጣን በሳቅ ፈተነህ አሉ» ነው። ከዚያ አቀፈኝና ቶሎ አልለቀቀኝም። መካኒኩ የማርሚታውን ስንጥቅ በብርሃን አሳየኝ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጠግኖ፣ አያ ተገኘ ከብቱን ራሳቸው ዳር አስይዘውልን፣ ከዚያ መስክ ተነሳን።

ሥራውን አልለቀቅሁም። ድካሙም አልለቀቀኝም፤ ዕረፍት ጠይቄ ወሰድኩ፣ ተመለስኩ፣ አሁንም ከወቅት ወቅት ይደክመኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደስተኛ ሰው ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ሰው መቼም ቢሆን ጥሩ ስለሆነ ብቻ የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር፤ ወይም ለፍላፊ ስለሆነ። አሁን አንድ ሰው ሲያወራኝ፣ ከቃሉ ሥር «አለህ? እኔስ አለሁ?» የሚል ነገር እሰማለሁ። ጋሽ ግርማ በጡረታ ከወጡ በኋላ ከፊት የምበረው እኔ ነኝ፤ የማወራውም እኔ ነኝ። ቀልድ አልችልም። አዲሶቹ ልጆች ይሰለቹኛል፤ አንዳንዶቹ የሬዲዮውን ድምፅ እንደሚቀንሱ አውቃለሁ። የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ግን ለይቻለሁ፤ ሲርባቸውም፣ ሲናደዱም፣ ሲያንቀላፉም።

ጋሽ ግርማ አዳማ ነው የሚኖሩት። እሑድ እሑድ እደውላለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ያወራሉ፣ እኔ ጥቂት እመልሳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ደውዬ «እንደምን ነዎት?» ስላቸው፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» አሉና ዝም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩ መልስ ነው። እኔ ስልኩን ዘግቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስደርስ በሩን የከፈቱት ግድግዳ ይዘው ነው። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ቀናት አልፎታል፤ ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም ነበር። ሐኪም ቤት አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን። አሁን ከትልቋ ልጃቸው ጋር ናቸው፤ ደህና ናቸው፤ ምላሳቸውም ተመልሷል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ የደከማችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በየቀኑ የማያስቅ ቀልድ የሚነግራችሁ ሰው ይኖር ይሆናል። ሳቁ ካልመጣላችሁ አትሳቁ፤ ግን መልሱለት።